ሐዋሳ ይሂዱ ያልኩ ዕለት

ሰው አዲስ አበባን አራት አምስት ቀን ካየ በኋላ ሁለተኛ ከተማ ያምረዋል። እኔ እንጀራ የምበላው በዚያ አምሮት ነው። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ ከመናኸሪያው ትንሽ ዝቅ ብላ ባለች የአንድ ክፍል የጉዞ ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ፣ «ከአዲስ አበባ ቀጥሎ የት ብንሄድ ይሻላል?» ለሚሉ ሰዎች ቀኑን ሙሉ መልስ ስጽፍ እውላለሁ። ብሩክታዊት ኤርጫፎ እባላለሁ፤ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። ለሰው ሁሉ መንገድ እያሳየች የራሷ መንገድ የጠፋባት ልጅ ብላችሁ ብትስቁብኝ አልቀየምም።

የቢሮው ባለቤት ጋሽ አበጋዝ በእኔ ላይ አንድ ቅሬታ አላቸው። የመጣውን ደንበኛ ወደ ሌላ ከተማ እልካለሁ። እውነታቸውን ነው። ማንም ይጻፍልኝ ማን፣ ሦስት ነገር ሳልጠይቅ አልመልስም። ጉልበትዎ እንዴት ነው? መኪና ላይ ስንት ሰዓት መቀመጥ ይችላሉ? አዲስ አበባ ላይ የጎደለብዎት ምንድን ነው? ዋናው ሦስተኛው ነው። ሁለተኛ ከተማ የሚመረጠው የመጀመሪያው ያጎደለውን እንዲሞላ እንጂ ስሙ ስላማረ አይደለም። ሐይቅና ጫካ፣ አዞና ሙዝ የጎደለበት ወደ እኛ ይምጣ፤ ግንብ የናፈቀው ግን ጎንደር ይሂድ እላለሁ። ጋሽ አበጋዝ ይህን ሲሰሙ «አንቺ ልጅ፣ ቢሮዬን ዘግተሽ ቁልፉን ለጎንደር ልታስረክቢ ነው» እያሉ ይነጫነጫሉ።

ደብዳቤው የመጣው በጥቅምት ወር፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። የመጣው በቴሌግራም ይሁን እንጂ የደብዳቤ ወግ አልጎደለውም። ቀን አለው፤ «ጉዳዩ፦ የጉዞ ምክር ስለመጠየቅ» ይላል፤ ከታች «ከሰላምታ ጋር፣ በለጥሽ ወልደየሱስ፣ ጡረተኛ መምህርት» ብሎ ይዘጋል። አንዲት ነጥብ እንኳ ቦታዋን አልሳተችም።

ወይዘሮ በለጥሽ ሠላሳ አምስት ዓመት አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። በሕይወታቸው የመጀመሪያውን ሽርሽር ሊያደርጉ አዲስ አበባ፣ ልጃቸው ዘንድ መጥተዋል። ስምንት ቀን ከቆዩ በኋላ፣ ከአርብ ጀምሮ ደግሞ ሦስት ቀን ሌላ ከተማ መጨመር ይፈልጋሉ። እሳቸው ሐዋሳ ይላሉ፤ ልጃቸው አርባ ምንጭ ይላል። ሲከራከሩ ሰንብተው በመጨረሻ ልጁ፣ አርባ ምንጭ የሚሠራ ቢሮ አለ፣ እነሱ የፈረዱትን እንቀበል ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ እሳቸውም ተስማሙ። ጋሽ አበጋዝ በትከሻዬ በኩል አንብበው ሳቁ። የአርባ ምንጭ ቢሮ ምን ብሎ ሊፈርድ ነው ብለው፣ ለሁለት ሰው ጀልባ እንድይዝ አዘዙኝ። እኔ ግን ሦስቱን ጥያቄዬን ላክሁ።

ለሁለቱ ወዲያው መለሱልኝ። ጉልበታቸው ደረጃ አይወድም። መኪና ላይ ከአምስት ሰዓት በላይ አይችሉም፤ አዲስ አበባ የገቡት በአውሮፕላን ነው፤ ሁለተኛ አይለምዳቸውም። ሦስተኛው መልስ ከአንድ ሰዓት በኋላ መጣ።

«የጎደለብኝ ልጄ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ አብሮኝ ይውላል፤ ሙዚየሙንም ፓርኩንም አሳይቶኛል። ግን አብሮኝ የለም። አንድ ነገር ሊነግረኝ አፉን ይከፍትና መልሶ ይዘጋዋል። ሠላሳ አምስት ዓመት የሰው ልጅ ፊት ሳነብ ኖሬ የራሴን ልጅ ማንበብ አቃተኝ። እናትና ልጅ ቁጭ ብለው የሚነጋገሩበት ቦታ የሚያውቁ ከሆነ እዚያ ይላኩኝ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ለከተማዬም ለጋሽ አበጋዝም ሳላደላ እውነቱን ጻፍኩ። ሐዋሳ ይሂዱ አልኳቸው። መንገዱ አጭር ነው፤ ከተማው ሜዳ ነው፤ የገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ያለ ብዙ ድካም ይደረሳል። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳር መናፈሻ፣ ዛፎቹ ሥር መቀመጫ አለ። ከአሥር ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትበርድ ልጅዎን እዚያ ያስቀምጡትና ምንም አይጠይቁት፤ ውሃ እያየ ዝም የተባለ ሰው ራሱ ይናገራል። አርባ ምንጭን ለሌላ ጊዜ ያቆዩልን። ብሩክታዊት።

ጋሽ አበጋዝ በሩን በኃይል ዘግተው ሄዱ። እኔ ግን ያንን የማላውቀውን ልጅ ስቀናበት ዋልኩ። እናቱ ሊሰሙት ቦታ እየፈለጉለት እሱ ዝም ይላል። እኔ የምወደው ሰው እናቱን ስለሚፈራ ስምንት ወር ሙሉ ድምፁን ሳልሰማ ከርሜአለሁ፤ ማክሰኞ ማታ ያ ሁሉ ናፍቆት እንደ አዲስ ተነሳብኝ።

*

ናትናኤል ይባላል። የተዋወቅነው እዚሁ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እሱ ከደሴ መጥቶ የውሃ ምህንድስና ያጠናል፣ እኔ ቱሪዝም። አባቴ ኤርጫፎ ሸማኔ ነው። ከዶርዜ ወርዶ፣ ሴቻ በሚባለው የከተማው ላይኛው ሰፈር ባለው ቤታችን ግቢ ውስጥ ዛሬም ይሸምናል። ናትናኤል ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ አባቴ አጠገብ ይቀመጥና መወርወሪያውን ለመወርወር ይሞክራል፤ ክር እየበጠሰ አባቴን ያስቀዋል። ተመርቆ አዲስ አበባ ሥራ ሲይዝ ፍቅራችን ስልክ ላይ ሆነ። ሁለት ዓመት በስልክ ዘለቅነው።

እናቱን የማውቃቸው በወሬ ብቻ ነበር። «እቴቴ» ነው የሚላቸው። እቴቴ ይህን አትወድም፣ እቴቴ እንዲህ ካየችኝ አለቀልኝ፣ ለእቴቴ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ ይላል። ያ «ቀስ ብዬ» ሁለት ዓመት ፈጀ። በየካቲት ለበዓል ደሴ ሄዶ ሳለ በቪዲዮ ስናወራ ከኋላው የሴት ድምፅ ማን ናት ብሎ ጠየቀ። ናትናኤል ስልኩን በእጁ ሸፈነው፤ ድምፁ ግን ይሰማኛል። «የሥራ ባልደረባዬ ናት» አለ።

የሥራ ባልደረባ። አራት ዓመት ሙሉ የወደድኩት ሰው በሁለት ቃል ባልደረባ አደረገኝ። የዚያን ዕለት፣ ለእናቱ ስሜን፣ የአባቴን ስምና የአባቴን ሙያ እስኪነግር ድረስ እንዳይደውልልኝ ነገርኩት። እሱም ቃሌን አክብሮ ስምንት ወር ዝም አለ። ባያከብረው ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ከማክሰኞው ደብዳቤ ሁለት ቀን በኋላ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ እንግዶች ይዤ ጫሞ ሐይቅ ጀልባ መነሻው ላይ ቆሜያለሁ። ጀልባ ነጂው ሊሻን የደህንነት ጃኬት እያለበሳቸው ነው። ስልኬ ጮኸ። የናትናኤል ስም ነው፤ ፈጥኜ ከፈትኩት።

«መልስሽ ደርሶኛል። ሐዋሳ ብለሻል። አልፈርድብሽም፤ የእጄን ነው ያገኘሁት። ደህና ሁኚ። ናትናኤል።»

መጀመሪያ ምንም አልገባኝም። የምን መልስ? የምን ሐዋሳ? ከዚያ አንድ በአንድ መጣልኝ፤ ጡረተኛዋ መምህርት፣ አርባ ምንጭ እንሂድ የሚለው ልጅ፣ ቢሮው የፈረደውን እንቀበል ያለው ልጅ።

እንዴት አላወቅሽም ብላችሁ እንዳትፈርዱብኝ። እሱ ናትናኤል ሀብተጊዮርጊስ ነው፤ እሳቸው በለጥሽ ወልደየሱስ። በእኛ አገር ሴት በአባቷ ስም ተጠርታ ትኖራለች፤ ከልጇ ጋር በስም አትገናኝም። እሱ ደግሞ አንድ ቀን ስማቸውን ጠርቶልኝ አያውቅም። ጡረታ የወጣች መምህርት ደግሞ በአገሩ ሞልቷል።

እሱ ግን ያወቅኩ መሰለው። ስማቸውን አይቼ፣ እናቱ መሆናቸውን ለይቼ፣ ሆን ብዬ በሌላ መንገድ የሰደድኳቸው መሰለው። ፊቴን ያዞርኩበት መሰለው።

የተሰማኝን በቅደም ተከተል ልነግራችሁ አልችልም። መጀመሪያ ደስታ ነው የመጣው፤ ያውም በአንድ እግሬ ውሃው ውስጥ እስክገባ ድረስ። አልረሳኝም! እናቱን ወደ እኔ ሊያመጣቸው ነበር። ስምንት ወር ሙሉ እንዴት እንደሚያገኘኝ ሲያስብ ከርሟል ማለት ነው። ሊሻን፣ እህቴ ምን አገኘሽ ብሎ ሲጠይቀኝ ጫማዬ እንደራሰ ያኔ ነው ያየሁት።

ቀጥሎ ንዴት መጣ። ዕቅዱ ገባኝ። እናቱ እንደ ድንገት አርባ ምንጭ ይመጣሉ፣ እንደ ድንገት ቢሮ ይገባሉ፣ እንደ ድንገት ይወዱኛል፤ ያኔ እሱ ፈገግ ብሎ «እንግዲህ እሷ ናት» ይላል። አፉን ከሚከፍት አንድ ከተማ ሙሉ ቢያንቀሳቅስ ይቀለዋል። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ የእኔው ደግሞ ለእናቱም አልሆነ።

እዚያው ዳሩ ላይ ቆሜ ጻፍኩለት።

«ናቲ፣ እናትህ መሆናቸውን አላወቅኩም። ባውቅም ሐዋሳ እላቸው ነበር፤ ጉልበታቸው ያማቸዋል፣ መንገዱም ይረዝምባቸዋል። ወደ እኔ እንዲመጡ ከፈለግክ ከተማ አታስመርጣቸው፤ ለምን እንደሆነ ንገራቸው። አንተ ካልነገርካቸው አርባ ምንጭ ቢመጡም እኔን አያገኙኝም። ሰኞ ከሐዋሳ ትመለሳላችሁ። እስከ ሰኞ ድምፅህን ካልሰማሁ ቁጥርህን ከስልኬ አጠፋዋለሁ።»

ላክሁት። አነበበው። ሊሻን ጀልባውን ገፍቶ ሲነሳ እኔ ዳር ቀረሁ፤ ልቤ ግን ከጀልባው ሞተር በላይ ይጮህ ነበር።

*

ጋሽ አበጋዝ ነገሩን ሲሰሙ ቁጣቸው ሁሉ በረደ። እንዲያውም ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና ዘዴ ፈጠሩልኝ። ለሴትዮዋ የሐዋሳ ሆቴሎች በስብሰባ ሞልተዋል ብለሽ ጻፊላቸው፤ ነገ ጠዋት ሳይነሱ ይደርሳቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ ሥራው የእግዚአብሔር ነው አሉ። ለአንድ ደቂቃ ያህል እጄ ስልኩ ላይ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከአንድ ደቂቃም በላይ ነው። ያቺ ሴት ግን የሆዳቸውን የጻፉልኝ እንደማልዋሻቸው አምነው ነው። እናቱን ዋሽቼ ባመጣቸውማ ከልጃቸው በምን እሻላለሁ? ስልኩን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ የጋሞ ሰው ነው፤ አማርኛ ሲናገር ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ያደርገዋል፤ እኛም ለምደነዋል። ከሽመናው ጉድጓድ እግሩን ሳያወጣ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ናትናኤል መጥፎ አይደለችም» አለ። «ፈራች። ፈራች ማለት ጠላች ማለት አይደለም።»

በእሱ ሙያ የሚያፍረውን ሰው ነው እንዴ የምጠብቀው ብዬ ጠየቅኩት። መወርወሪያውን አስቀመጠ።

«በእኔ ሙያ ያፈረ ሰው ብዙ አይቻለሁ። እኔ ግን አንድ ቀን አላፈርኩም። ልጄም አንድ ቀን እንዳያፍር ነው የምፈልገው። ያቺ ልጅ ይሄን ከተናገረች ትምጣ። ካልተናገረች ደግሞ ትቅር።»

አርብ ሐዋሳ እንደሚገቡ አውቃለሁ። ከቀትር በኋላ እያንዳንዷን ሰዓት ቆጠርኳት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሆቴል ገብተዋል አልኩ። አሥር ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ወርደዋል። አሁን ተቀምጠዋል። አሁን እቴቴ ዝም ብለዋል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለደንበኛ ሁለት ጊዜ የአዞ ዋጋ ነገርኩ፤ የጀልባ ለማለት ፈልጌ ነው። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ብድግ ይላል፤ አይቼው ሌላ ሰው ሲሆን መልሶ ይቀመጣል።

ቅዳሜም ጠዋት የእሱ ስልክ የለም። እኩለ ቀን ላይ የለም። ተስፋ መቁረጥ እንዳለብኝ አውቅ ነበር፤ እምቢ አለኝ። እንዲያውም ያለ ምክንያት ደስ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሰው የሚመጣ ይመስል ቢሮውን ሁለት ጊዜ ጠረግኩት።

*

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ጥላ ውስጥ ባስገባበት ሰዓት፣ አንዲት አቧራ የለበሰች ነጭ መኪና ቢሯችን ፊት ቆመች። ከኋላ መስታወቷ ሥር በመንገድ የተገዛ የምዕራብ ዓባያ ሙዝ ተከምሯል። በሩ ተከፈተና አንዲት ረዘም ያሉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሴት በሩን ተደግፈው ቀስ ብለው ወረዱ። ጉልበታቸውን አንድ ሁለቴ አፍታቱት። መሪው ላይ ያለውን ሰው አየሁ። ከስቷል። ዓይን ለዓይን ስንገናኝ ከመቀመጫዬ የተነሳሁት እኔ ልሁን እግሬ አላውቅም።

ሴትዮዋ ገብተው ቢሮውን ዞር ዞር ብለው አዩ፤ እንደ መምህር፣ የጎደለ ካለ ሊይዙ። ጋሽ አበጋዝንና እኔን አዩን።

«ሐዋሳ ይሂዱ ብላ የጻፈችልኝ የትኛዋ ናት?» አሉ።

ጋሽ አበጋዝ ከእኔ በቀር ሴት በሌለበት ቢሮ በጣታቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

ወንበር አቀረብኩ፤ ተቀመጡ። ውሃ ሰጠኋቸው፤ እስከ ግማሽ ጠጡት። አምስት ሰዓት ነበር ያልኩሽ፣ ዛሬ ሰባት ሰዓት ተቀመጥኩ አሉኝ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ። ከዚያ የሐዋሳውን ነገሩኝ። እንዳልኳቸው ሐይቁ ዳር ተቀምጠዋል። እንዳልኳቸው ምንም አልጠየቁም። ልጃቸው ውሃውን እያየ አንድ ሰዓት ከሩብ ዝም አለ። እሳቸውም ዝም አሉ፤ ከሠላሳ አምስት ዓመት ማስተማር የከበደኝ እሱ ነው አሉ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል፣ «እቴቴ፣ ሐዋሳ የላከችሽን ልጅ አራት ዓመት ሙሉ እወዳታለሁ» አላቸው።

«ስምሽን ነገረኝ። የአባትሽን ስም ነገረኝ። የአባትሽን ሙያ ነገረኝ። ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ።»

«አባቴ ሸማኔ ነው» አልኩ። «ዛሬም ይሸምናል።»

«ሰምቻለሁ አልኩሽ እኮ።» ብርጭቆውን አስቀመጡ። «እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እምቢ የምል መስሎት ኖረ። አንድ ቀን አልጠየቀኝም። ሳልጠየቅ መልሱን እሱ መለሰልኝ። እኔ አንቺን ሳላውቅሽ አስለቀስኩሽ።»

መጠየቅ አልነበረብኝም። ግን ሰውን ሳልጠይቅ ማለፍ ለምዶብኝ አያውቅም።

«ቢጠይቅዎትስ ኖሮ?»

ጋሽ አበጋዝ ሳል ያዛቸው። ወይዘሮ በለጥሽ ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ልዋሽሽ አልችልም» አሉ። «እምቢ ልል እችል ነበር። እኔ ባደግኩበት ቤት ዘር ይቆጠራል፣ የእጅ ሙያ ይናቃል። የሸማኔ ልጅ አገባ ሲባል አፍ እንደሚበዛ አውቃለሁ። ከዚያ አፍ ውስጥ የእኔም ሊኖርበት ይችል ነበር። ግን ማክሰኞ ዕለት አንዲት የማላውቃት ልጅ፣ የጎደለብዎት ምንድን ነው አለችኝ። ባሌ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ልጄም ጠይቆኝ አያውቅም። ያንን መልስ ለመጻፍ አንድ ሰዓት የፈጀብኝ እያለቀስኩ ስለነበር ነው።»

ከዚህ በኋላ እንባዬን መያዝ አልቻልኩም። የወይዘሮ በለጥሽም አገጭ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እሳቸው ግን መምህር ናቸው፣ ዋጡት።

ናትናኤል የመኪናውን ቁልፍ እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል። «ብሩክዬ» አለ። እናቱ ሳይዞሩ እጃቸውን አነሱ።

«አንተ ስምንት ወር ዝም ብለህ የለም? አሁንም ዝም በል። ሽማግሌ ልኬ ከአባቷ አፍ እሺታ እስክሰማ ድረስ ከዚህች ልጅ ጋር ለብቻህ አንዲት ቃል አትናገርም። በወጉ ነው የምንሄደው።»

«ለብቻዬ አይደለም እቴቴ፤ አንቺ ፊት ነው» አለ። ድምፁ ተሰበረ እንጂ አልቆመም። «በየካቲት ስልክ ላይ የነበረችው እሷ ናት። የሥራ ባልደረባዬ ናት ያልኩሽ ዋሽቼ ነው። እሷም እየሰማችኝ ነው የዋሸሁት። ሁለታችሁንም ነው ያዋረድኳችሁ። ይቅር በሉኝ።»

እናቱ ወደ እኔ ዞሩ፤ መጀመሪያ የምትመልሺው አንቺ ነሽ የሚል አስተያየት ነው። ስምንት ወር ሙሉ ለዚህች ቀን ያዘጋጀሁት የነገር ዓይነት ብዛቱ! አንዱም አልመጣልኝ አለ። ይቅር ብዬሃለሁ አልኩት። ያልኩት ከአፌ ሳይሆን ከሆዴ ነው።

አባቴን ያገኙ እንደሆነ ብዬ ወደ ቤታችን ልጋብዛቸው ስጀምር ወይዘሮ በለጥሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሽማግሌ ሳይቀድም የወንድ እናት የሴት ቤት ደጅ አትረግጥም፤ ደሴም ይሁን ጋሞ ይህን የማያውቅ የለም። ለኅዳር ሚካኤል ሦስት ሽማግሌ ይዘው፣ ካባ ለብሰው ይመጣሉ። አባትሽ እምቢ ቢል እንኳ በወጉ እምቢ ይበለኝ አሉ።

«ዛሬ ግን አገር ጎብኚ ነኝ» ብለው ተነሱ። «ነገ አዞውን ታሳዪኛለሽ።»

ያን ዕለት ማታ ጋሽ አበጋዝ ቢሮውን ሲዘጉ ያፏጩ ነበር። እኔ ግን ወደ ሴቻ የሚወጣውን ዳገት ባጃጅ ሳልይዝ በእግሬ ወጣሁት፤ ደስታዬ በባጃጅ የሚጫን አልነበረም።

*

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጫሞ ወረድን። ሊሻን ጀልባውን አስጠግቶ እጁን ዘረጋላቸው፤ ወይዘሮ በለጥሽ ገብተው ሰፊውን መቀመጫ ልክ መሃሉ ላይ ያዙት። ልጃቸውን በግራ፣ እኔን በቀኝ አደረጉ። ስምንት ወር የተጠራቀመ ወሬ ያለን ሁለት ሰዎች፣ መሃላችን እናት ተቀምጠው፣ ስለ አየሩ እንኳ መነጋገር አልተፈቀደልንም። ናትናኤል በጭንቅላታቸው ላይ አሻግሮ አየኝ። አየሁት። ዓይኑ ብቻ አንድ መጽሐፍ ሙሉ ነገረኝ፤ ፊቴ ሲግል ይሰማኛል።

«ዓይናችሁም ሽማግሌ ይጠብቅ» አሉ እሳቸው ፊት ለፊታቸውን እያዩ። ሊሻን ሳቁን ለመደበቅ ጎንበስ ብሎ ሞተሩን ነካካ።

አዞዎቹ አሸዋው ላይ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። ወይዘሮ በለጥሽ አንድ በአንድ ቆጠሯቸው፤ አሥራ ሰባት ናቸው አሉ፤ አንዱ እንጨት ነው ብላቸው አላመኑኝም። ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። ከልጃቸው ሳቅ ጋር አንድ ነው።

ስንመለስ ሊሻን ሞተሩን አጥፍቶ ዝም እንድንል ምልክት ሰጠን። ከአሥር ሜትር በማይበልጥ ርቀት ላይ ውሃው ተከፈተና አንድ ትልቅ ጉማሬ ራሱን አውጥቶ ተነፈሰ። ጀልባው ተወዛወዘ። ወይዘሮ በለጥሽ ደነገጡ፤ በሁለት እጃቸው አጠገባቸው ያገኙትን አፈፍ አደረጉ። ልጃቸው በግራቸው ነበር። የያዙት ግን የእኔን እጅ ነው።

ጉማሬው አየንና ቀስ ብሎ ጠለቀ። ሊሻን ሞተሩን አስነሳ። ውሃው ረጋ፤ ዳርቻው እየቀረበ መጣ፤ የቆሙት ሰዎች መልካቸው ታየን። የሚያስፈራ ነገር አልቀረም። እሳቸው ግን እጄን አልለቀቁትም፤ እኔም እንዲለቁኝ አልፈለግኩም።